በድስት የቀቀልሁት የባሕር ድንጋይ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ በሐምሌ ወር አንድ ረቡዕ ቀን ነው። በሕይወቴ ብዙ አይቻለሁ። በፋብሪካ ሳለሁ የእንፋሎት ቧንቧ ሲፈነዳ አጠገቡ ቆሜ ጭረት ሳይነካኝ የወጣሁ ሰው ነኝ። እንደዚያ ረቡዕ ግን ፈርቼ አላውቅም። አደጋውን በገዛ እጄ የጠራሁት እኔ ስለሆንሁ ይሆናል፣ እስከ ዛሬ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ያ ቀን ፊቴ ላይ ይደቀናል።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። በአንድ ፋብሪካ ለሠላሳ ሦስት ዓመት የቦይለር ሠራተኛ ነበርሁ። ቦይለር ማለት ውሃ አፍልቶ ለማሽኖቹ እንፋሎት የሚያድል ትልቅ የብረት ጋን ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ዲግሪ የያዙ መሐንዲሶች ማሽኑ እምቢ ሲላቸው "አያልነህን ጥሩት" ይሉ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ አብረውኝ የሠሩ ይመስክሩ።

የሰፈሩ ሰው የሚያውቀኝ ግን በባሕሬ ነው። ሳሎኔ ውስጥ ባሕር አለኝ። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ አንድ ሺህ ሊትር የጨው ውሃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ነው። በውስጡ ኮራሎች አሉ። ኮራል ለማያውቀው ሰው ድንጋይ ላይ የበቀለ ቅጠል ይመስለዋል፤ እንስሳ ነው፣ ይበላል፣ ይዋለዳል። ከሁሉም የምኮራው መካከል ላይ በተንሰራፋው የባሕር አበባዬ ነው። እሱም ስሙ አበባ ይሁን እንጂ እንስሳ ነው። ሰፌድ ያህላል። ጣት ጣት የሚያካክሉ እጆቹን ሲያወዛውዝ ይውላል፤ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች በመካከሉ ገብተው ያድሩበታል።

ገንዳውን የሰጠኝ ለፋብሪካው ማሽን ሊተክል መጥቶ ጥቂት ዓመት አብሮን የሠራ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ ትከሻዬን መታ አድርጎ "በሦስት ወር ይሞትብሃል" አለኝ። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሆነው፤ አልሞተም። ጨውን ልጄ ከአዲስ አበባ ትልክልኛለች። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ራሴ ሠርቼለታለሁ። ኮራሉን እንደ ሸንኮራ እየቆረጥሁ እየተከልሁ አባዝቼዋለሁ። ጣናን የሚያህል ሐይቅ አጠገቡ ተኝቶ ሳለ ሳሎኑ ውስጥ የጨው ባሕር ያቆመ ሰው በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ።

መሐንዲሱ ከገንዳው ጋር አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ትቶልኝ ነበር። መዝገበ ቃላት ይዤ በሁለት ዓመት ጨረስሁት። በአንዱ ገጽ ላይ ቁልፍ ስለሚመስሉ ኮራሎች ይናገራል። መርዝ አላቸው፣ ያለ ጓንት አትንካቸው፣ በተለይ በፈላ ውሃ አትንካቸው ይላል። ያን ጊዜ እጄን አየሁት። ሠላሳ ሦስት ዓመት የጋለ ብረት ሲይዝ የኖረ እጅ ነው። ይህማ እጁ ለስላሳ ለሆነ ፈረንጅ የተጻፈ ነው አልሁና ገጹን ገለጥሁት።

እነዚያ ኮራሎች በእኔም ገንዳ ውስጥ ነበሩ። መልካቸው የካፖርት ቁልፍ ስለሚመስል ቁልፎቹ እላቸዋለሁ። ባለፈው ክረምት እንደ አረም ተስፋፍተው፣ የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ ሙሉ በሙሉ ሸፍነው የባሕር አበባዬን መግፋት ጀመሩ። አበባዬ እጆቹን ሰብስቦ ተኮማትሮ ሲውል ሦስት ቀን ታገሥሁ። በአራተኛው ቀን፣ ያም ረቡዕ ነው፣ ድንጋዩን ከገንዳው አወጣሁት። መጣሉ አላስቻለኝም፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ እዚህ አገር አይገኝም። ቁልፎቹን አጥፍቼ ድንጋዩን ልመልሰው ፈለግሁ።

በምን ላጥፋቸው? ለዚህ ጥያቄ የቦይለር ሰው መልሱ አንድ ነው። እንፋሎት የማያጸዳው ነገር የለም። ዝገት የያዘውን ቧንቧ፣ ዘይት የጠጣውን ብረት በእንፋሎት ሳጸዳ ነው የኖርሁት። ስለዚህ የባለቤቴን ትልቁን የድግስ ድስት ከመደርደሪያ አወረድሁ።

ባለቤቴ ይርገዱ ትባላለች፤ እኔ ይርጌ እላታለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ጉንፋን ይዟት ጋቢ ተከናንባ ነበር።

"ድስቴን ለድንጋይህ?" አለችኝ።

"አጥቤ እመልሰዋለሁ።"

"ወንፊቴንም እንዲሁ ብለኸኝ ነበር። እስከ ዛሬ ከዓሣህ ጋር ገንዳው ውስጥ ነው።"

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም ነው። ውጭ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። ወጥ ቤታችን ከዋናው ቤት የተለየ፣ በቆርቆሮ የተሠራ ጠባብ ክፍል ነው። ዝናቡ እንዳይገባ መስኮቱን ዘግቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ድንጋዩን ከውሃ ጋር ከሰል ምድጃ ላይ ጣድሁት። ብዙም ሳይቆይ መንተክተክ ጀመረ። እንፋሎቱ ክፍሉን ሞላው። ደስ አለኝ፤ የድሮ ሥራዬ ላይ የቆምሁ መሰለኝ።

በዚህ መካከል ጎረቤታችን መሪጌታ ልሳነወርቅ ጃንጥላቸውን ዘቅዝቀው በሩ ላይ ደረሱ። የቤተ ክርስቲያኑ የውሃ ሞተር አልነሳ ብሎ እንዳየው ሊጠሩኝ ነው የመጡት። ድስቱን አዩና ሳቁ።

"አያልነህ፣ ድንጋይ መቀቀል ጀመርህ?"

"ድንጋይ አይደለም መሪጌታ። ላዩ ላይ ያለው እንስሳ ነው።"

"እንስሳ ከሆነማ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው። እኔን እንዳትጋብዘኝ።"

ከሰሉን ልትሞቅ የመጣችው ይርጌም ሳቀች። ስትስቅ ሳሉ መጣና አጎነበሳት። ባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅላ ልትታጠን አስባ ነበር፤ በዚያ ዝናብ ማን ወጥቶ ይቁረጥላት?

እኔ ነኝ ያን ጊዜ አፌን የከፈትሁት።

"ምን ባሕር ዛፍ ያስፈልግሻል? ባሕሩ ራሱ ይኸውልሽ! ጨው አለው፣ ማዕድን አለው። ከዚህ የተሻለ እንፋሎት በዚህ አገር ማንም ታጥኖ አያውቅም። ነይ፣ ጋቢሽን ወደ ፊት ሳቢው።"

መሪጌታ ፊት ነበር ያልሁት። መሪጌታ ባይኖሩ እንዲያ አልል ይሆናል።

ይርጌ አርባ አንድ ዓመት አብራኝ ስትኖር የእኔን እጅ አምና ነው። በርጩማ ስባ ተቀመጠች፣ ድስቱ ላይ አጎነበሰች፣ ጋቢዋን በራሷና በድስቱ ላይ አለበሰችው። እኔ ከጎኗ ቆሜ ከሰሉን አራግባለሁ። ጥቂት እንደቆየች ራሷን ብቅ አደረገች።

"አንተ ሰውዬ፣ አፌን መረረኝ። ብረት የላስሁ ይመስለኛል።"

"መድኃኒት መቼ ጥሞ ያውቃል? እየሠራ ነው ማለት ነው። ጥቂት ጨምሪ።"

ጨመረች። እኔ ነኝ ጨምሪ ያልኋት።

መሪጌታ "ዓይኔን አቃጠለኝ" ብለው እያሹ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔም ዝናቡ ሲያባራ ሞተሩን እንደማይ ነገርኋቸው። ይርጌ ወደ ሳሎን ገብታ ጋደም አለች። ድንጋዩ በደንብ እንዲበስል ከሰል ጨመርሁበትና ተከተልኋት።

አንድ ሰዓት ያህል እንዳለፈ መንቀጥቀጥ ጀመረች። በመጀመሪያ ጉንፋኑ ነው አልሁ። ብርድ ልብስ ደረብሁላት። መንቀጥቀጡ ባሰ። ደረቷን ይዛ "አየር አነሰኝ" አለች። መስኮት ከፈትሁ። አየሩማ ነበር፤ እሷ ጋ ነው የማይደርሰው። ከንፈሯ ጠቁሮ አየሁት። እየጮኽሁ መሪጌታን ጠራሁ። መሪጌታ ባጃጅ ይዘው ሲመጡ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘውዴም ተከትለዋቸው መጡ፤ ቤቱን እጠብቃለሁ ብለው እሳቸው ቀሩ። እኛ ሦስታችን ወጣን።

ዝናቡ መንገዱን ጅረት አድርጎታል። የዓባይ ድልድይ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ባጃጆች ከኋላው ተኮልኩለዋል። ይርጌ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላለች። ትንፋሿ እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጫል። ከታች ዓባይ ደፍርሶ ይጋልባል። ሾፌሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ መሪጌታ ዳዊት ይደግማሉ።

እዚያ ቆመን ሳለ ምራቄን ዋጥሁ። መረረኝ። ብረት፣ ብረት አለኝ።

ያን ጊዜ ያ ገጽ መጣልኝ። ከአሥር ዓመት በላይ አላየሁትም፤ ግን ፊደሉ ሳይቀር ታየኝ። በፈላ ውሃ አትንካቸው። እንፋሎቱ ሰው ይገድላል የሚል ቃልም ከሥሩ ነበረ። አንብቤዋለሁ። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ሆስፒታል ስንደርስ አንዲት ነርስ ተቀበለችን። "ምን ነካቸው?" ስትል አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነው። "ጉንፋን ይዟት ከሰል ዳር ተቀምጣ ነበር" አልኋት። ውሸት አይደለም፤ እውነቱም ግን አይደለም። ሰው ሁሉ በአዋቂነቱ የሚያውቀው ሽማግሌ ሚስቱን በድስት መርዝ አጠናት መባሉን እንዴት ልሸከመው? አፍሬ ዝም አልሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም አልሁ። ያችን ግማሽ ሰዓት እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ኦክስጅን አደረጉላትና ጥቂት ከንፈሯ ቀላ። አንዲት ወጣት ሐኪም መጥታ ደረቷን አዳመጠች። የከሰል ጭስና ብርድ ነው፣ ንጹሕ አየር ካገኙ ይሻላቸዋል ብላ የሚዋጥ መድኃኒት ጻፈችና ወደ ሌላ በሽተኛ ዞረች። ነርሷም ይርጌን እያቃናች በደግነት መከረቻት።

"ቤት ሲገቡ ደህና አድርገው በእንፋሎት ይታጠኑ እናቴ። ደረትዎን ይከፍትልዎታል።"

ይርጌ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ድምፅዋ አይሰማም ነበር፤ ከንፈሯን ነው ያነበብሁት።

"እሺ። ድስቱ እንደተጣደ ነው" አለች።

ከዚያ በኋላ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሐኪሟን በጋዋኗ ጎትቼ አዞርኋት።

"ዶክተር፣ የከሰል ጭስ አይደለም። እኔ ነኝ። ኮራል ቀቅዬ ነው ያጠንኋት።"

"ምን ቀቅለው?"

"ኮራል። የባሕር እንስሳ። ቤቴ ውስጥ ባሕር አለኝ፤ አንድ ሺህ ሊትር..."

ሐኪሟ መሪጌታን አየቻቸው። መሪጌታም እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው በለሰለሰ ድምፅ "አያልነህ፣ ወንድሜ፣ ዛሬ እንኳ ዓሣውን ተወው" አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም። አሥራ አራት ዓመት ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ስለ ገንዳዬ ሳወራ ኖሬ፣ ነፍስ በሚያድንበት ሰዓት የተናገርሁት ጉራ ሆኖ ተቆጠረ። ሐኪሟም "አባቴ፣ ተደናግጠዋል፣ ይቀመጡ" አለችኝ።

አልተቀመጥሁም። ቦይለር ሲበላሽ ብልሽቱ የት እንዳለ የሚታወቀው ሙቀቱን በመከተል ነው፤ ወደ ምንጩ በቀረብህ ቁጥር ይብስብሃል። እንደዚያ አስረዳኋት።

"ዶክተር፣ ሦስት ሰዎች ነበርን። እሷ ድስቱ ላይ ተደፍታ ነበረች፤ ይኸው ትንፋሽ አጥሯታል። እኔ ከጎኗ ቆሜ ነበር፤ ግንባሬን ንኪኝ። መሪጌታ በሩ ላይ ነበሩ፤ ዓይናቸውን እዪ። ከሰል ቢሆን ዓይን ያቀላል፣ ራስ ያዞራል። አፍ ውስጥ ግን ብረት አያስቀምጥም። ሁላችንንም ጠይቂን።"

ሐኪሟ ግንባሬን ነካች። ትኩሳት ለካች፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሊሞላ ነው። ወደ መሪጌታ ዞረች። ዓይናቸው በርበሬ መስሏል።

"አፍዎ ይመራል አባ?"

መሪጌታ ምላሳቸውን በላንቃቸው ላይ አንቀሳቀሱ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። "በስመ አብ" አሉ። "የጾሙ ነው ብዬ ነበር።"

ሐኪሟ የጻፈችውን ወረቀት መልሳ ቀደደችው። ይርጌን ወደ አልጋ መለሰቻት። የኮራሉን የእንግሊዝኛ ስም ጠየቀችኝ፤ ፊደል በፊደል ነገርኋት፤ ስልኳ ላይ ፈለገችው። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። "እኔ ይህን አልተማርኩትም" አለች፤ እንዲህ ብላ ስላልዋሸችኝ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ። "ማርከሻ የለውም አባቴ። ኦክስጅን እንሰጣለን፣ ሳንባቸው እንዳያብጥ መድኃኒት እንሰጣለን፣ ልባቸውን እንከታተላለን። ድስቱ አሁን የት ነው?"

ድስቱ! መሪጌታ ስልካቸውን አወጡ። እስኪደውሉ አልታገሥሁም፣ ነጠቅኋቸው። ወይዘሮ ዘውዴ አነሡ።

"ዘውዴ፣ የት ነዎት?"

"ሳሎን ነኝ። ይርጌ እንዴት ሆነች? እኔማ ወጥ ቤቱን ላጸዳዳላት ልነሣ ስል ነው የደወልህ፤ ድስቱ ይንተከተካል።"

"እንዳይገቡ! በሩንም እንዳይነኩት! ከግቢው ይውጡልኝ!"

"ምነው፣ ዓሣህን የምሰርቅህ መሰለህ?"

"ዘውዴ፣ በድንግል ይዤዎታለሁ። ይርጌን የጣላት ያ ድስት ነው።"

የበር መዘጋት ሰማሁ፣ ከዚያ የዝናቡን ድምፅ። ውጭ መውጣታቸውን ሳውቅ ግድግዳውን ተደግፌ ወለል ላይ ቁጭ አልሁ።

ከሰዓት በኋላው ረዥም ነበር። ለእኔም መርፌ ወጉኝና ከይርጌ ጎን ባለው አልጋ አስተኙኝ። የአልጋዋ መሣሪያ በደሟ ያለውን ኦክስጅን በቁጥር ያሳያል፤ ሰማንያ ስምንት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ አራት። ዕድሜዬን ሙሉ የግፊት መለኪያ ሳነብ ኖሬአለሁ። መርፌው ቀዩ መሥመር ጋ ሲደርስ የትኛውን ቫልቭ እንደምከፍት አውቅ ነበር። እዚህ የምከፍተው ቫልቭ የለኝም። አሥር ሰዓት ላይ ስጠራት አልመለሰችልኝም። ሐኪሟ ሮጣ መጣች፤ መጋረጃውን ጋረዱብኝ። ከመጋረጃው ወዲያ የሚሰማኝ ጫማቸው ብቻ ነው። መሪጌታ ከእግሬ ሥር ቆመው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል ቀልድ አልተናገሩም።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። መጋረጃው ሲገለጥ ቁጥሩ ሰማንያ ዘጠኝ ነበር። ሲመሽ ዘጠና ሁለት ገባ። ይርጌ ዓይኗን ገልጣ ፈለገችኝ።

"ለዓሦቹ ማን አበላ?" አለች።

አለቀስሁ። ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስሁ።

አምስት ቀን ተኝታ ወጣች። እኔ በማግስቱ ነው የተለቀቅሁት። እሳቱ ራሱ ጠፍቶ ነበር። ሐኪሟ እንዳዘዘችኝ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ እስከ ክርኔ ጓንት አጥልቄ፣ በድስቱ ላይ ሁለት ጠርሙስ በረኪና ደፍቼበት አሳደርሁት። ከዚያ ድስቱን ከነድንጋዩ ጓሮ ቆፍሬ ቀበርሁት። እንፋሎት የማያጸዳው ነገር እንዳለ በሰባ አንድ ዓመቴ ተማርሁ።

ይርጌ ወደ ቤት በገባች ቀን ገንዳው ፊት ቆምሁና "ልሽጠው?" አልኋት። ከልቤ ነበር። ጠጋ ብላ የባሕር አበባውን አየች። ቁልፎቹ ከአጠገቡ ስለተነሡለት እጆቹን ዘርግቶ ከድሮውም ተልቆ ነበር።

"ዓሦቹ ምን አጠፉ?" አለች። "እነሱ አንድም ቀን ታጠኚ አላሉኝም።"

ስለዚህ ገንዳው አለ። ዛሬም የሚስተካከለው የለም፤ የሚጠራጠር መጥቶ ይይ። የሚመጣ እንግዳ ግን በመጀመሪያ የሚያየው መስታወቱ ላይ የለጠፍሁትን ወረቀት ነው። ያን ገጽ እኔው ወደ አማርኛ መልሼ በትልልቅ ፊደል ጽፌዋለሁ። አንብቦ ሳይጨርስ ስለ ገንዳው አንድ ቃል አልነግረውም። መሪጌታ እንኳ ሞተሩን ከሠራሁላቸው በኋላ መጥተው ቆመው አንብበዋል።

ከይርጌ ጋር የቀረ አንድ ነገር አለ። እንፋሎት ስታይ ትንፋሿ ይያዛል። ወጥ ሲፈላ ከድስቱ ፊቷን ታዞራለች፤ ውሃ ለሻይ ስትጥድ ከወጥ ቤት ትወጣለች። ሐኪሟ በጊዜ ይተዋታል ብላለች፤ እስካሁን አልተዋትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ድስት የምከፍተው እኔ ነኝ። ምሳ ሲደርስ ቀድሜ እገባለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ክዳኑን አነሣለሁ። እንፋሎቱ ቀስ እያለ ወደ ውጭ እስኪወጣ እዚያው እቆማለሁ። አልቸኩልም። ክፍሉ ሲጠራ ወደ ደጅ ብቅ እላለሁ።

"ይርጌ፣ ወጥቷል። ነይ" እላታለሁ።